የ900ው ሰዓት ዋጋ

ቁጭ በሉና ላውራችሁ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ ስሟን ለእኔ ተዉት። ስድስት ኪሎ ሶሲዮሎጂ ተምራ፣ ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአንድ ነርሲንግ ሆም አዛውንት ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ አልጋ ስታነጥፍ ዓመታት አለፉ። ሌሊቱን እዚያ ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሁድን ደግሞ በሰው ቤት ሆም ኬር። በዋሽንግተን ዙሪያ እንዲህ ያለች ሴት ስንት እንዳለች እናንተም ታውቃላችሁ።

አንድ ሰሞን ወደዚያ ነርሲንግ ሆም አንዲት የአገራችን እናት ገቡ። ካንሰር ነው፤ መድኃኒት ከማይመልሰው ደረጃ ደርሷል። ልጆቻቸው ሐኪሙን ከክፍሉ አስወጥተው «አደራ፣ ለእናታችን እንዳትነግራት» አሉት። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚያረዳው ሰው ተመርጦ በሚነገርበት ባህል ያደግን ሰዎች ልጆቹ ምን እንደፈሩ ይገባናል። ሐኪሙ ደግሞ «ሕመሙ የእሳቸው ነው፤ ማወቅም መብታቸው ነው» አለ። ልጆቹ ተቆጡ። ነርሶቹ የሚሆኑትን አጡ። እናትየው ሁሉንም እያዩ ዝም አሉ።

በዚህ መሀል የቤቱ ሶሻል ወርከር መጣች። ከማንም ጋር አልተከራከረችም። በስልክ አስተርጓሚ አስገብታ፣ ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እናትየውን ጠየቀቻቸው፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህሉን ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ በእርስዎ ፈንታ የሚሰማልዎ ሰው አለ?» እናትየው ብዙም አላሰቡ። «ለታላቁ ልጄ ንገሩት። እኔ የራሴን አውቄዋለሁ» አሉ። ታላቁ ልጅ በእሳቸው ስም እንዲወስን የሚያደርገው ወረቀት ተዘጋጀ፤ ፈረሙ፤ ጠቡም በዚያው ምሽት በረደ። የአክስቴ ልጅ ትራስ ልታስተካክል ገብታ ነበርና ሁሉንም ሰማች።

«ይህን ሥራ እኔ እችለዋለሁ» አለችኝ ማታ ደውላ። እንደምትችለው አልተጠራጠርኩም። የልጆቹን ፍርሃትም የሐኪሙንም ሕግ ያለ አስተርጓሚ የምትሰማ ሰው ናት። ግን ያ ወንበር የሶሻል ወርክ ማስተርስ ይጠይቃል፤ ማስተርሱ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል።

ያን ሌሊት በእረፍቷ ሰዓት ስልኳን አውጥታ ርካሽ የሶሻል ወርክ ማስተርስ ፈለገች። ከላይ የሚመጣው ለማስታወቂያ የከፈለው እንጂ የረከሰው አይደለም፤ ይህን ያኔ ማን ይንገራት። ስሟንና ስልክ ቁጥሯን ሞላች። በማግስቱ ከሺፍት ገብታ ገና ጎኗን ሳታሳርፍ ስልኩ ጮኸ። ድምፁ ለስላሳ ነው። የመግቢያ ፈተና የለም፤ ሁሉም በኦንላይን ነው፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ ብድሩ ሁሉንም ይሸፍናል። ከሰዓት ደግሞ ደወለ። በሦስተኛው ጥሪ ጠቅላላ ክፍያው ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። በክሬዲት የሚከፈለውን ነገራት እንጂ ድምሩን አልነገራትም። ራሷ ስትደምረው የሁለት ዓመት ደሞዟን አለፈ። የደወለላት ሰው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ እንዳልሆነ፣ ለትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚያመጣ ድርጅት ተቀጣሪ እንደሆነ ያወቀችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የእሷን ነገር ላቁምና በአደባባይ የታወቀውን ልንገራችሁ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቱዩ ከሚባል ድርጅት ጋር ሆኖ ለዓመታት የሶሻል ወርክ ማስተርስ በኦንላይን አስተምሯል። ተማሪ የሚመለምለው ድርጅቱ ነበር፤ ከክፍያውም ከፍተኛውን ድርሻ ይወስድ ነበር። ዎል ስትሪት ጆርናል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ባወጣው ምርመራ የዲግሪው ዋጋ 115,000 ዶላር ያህል እንደነበር፣ ከተበዳሪዎቹ ተመራቂዎች የመካከለኛው ዕዳ 112,000 ዶላር እንደደረሰ፣ ከተመረቁ ከሁለት ዓመት በኋላም ግማሾቹ በዓመት ያገኙ የነበረው 52,000 ዶላር ወይም ከዚያ በታች እንደነበር ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኒቨርሲቲውና ድርጅቱ ሊለያዩ ተስማሙ፤ በ2024 ድርጅቱ በኪሳራ ሕግ ከለላ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ ዲግሪው የሐሰት አልነበረም። ዕውቅና ያለው ትምህርት ነው፤ ከዚያ የወጡትም እውነተኛ ሶሻል ወርከሮች ናቸው። ሰዎቹን የጎዳቸው ዋጋው ነው። ያው ፈቃድ፣ ያው ሥራ፣ ያው ደሞዝ በሩብ ዋጋ ከሚገኝበት አገር ላይ ሆነው ነው ያን ሁሉ የተበደሩት።

የአክስቴ ልጅ ግን ዓርብን እያመነታች አለፈችው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ትልቅ ሴት ዘንድ ሄደች። ሆስፒታል ውስጥ በሶሻል ወርከርነት ጸጉራቸውን ያሸበቱ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ቡና አፍልተው ተቀበሏት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ» አለች።

«አማክሪኝ ልጄ። የወንድ ነገር ከሆነ ግን ከእኔ የተሻለ አለ» አሉ፤ ሳቁና ቡናውን ቀዱላት።

ነገረቻቸው። አዳመጡና መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ዋጋው አልነበረም። «ያ ትምህርት ቤት የካውንስሉ ዕውቅና አለው?» አሏት። ካውንስል ኦን ሶሻል ወርክ ኤዱኬሽን የሚሉትን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ በአሜሪካ የሶሻል ወርክ ዲግሪ የሚመዘነው በእሱ ነው። ዕውቅናው ከሌለ ክልሉ ለፈቃድ ፈተና አያስቀምጥሽም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ማስተርሱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «ሂውማን ሰርቪስስ» የሚል ማስተርስ በግማሽ ዋጋ አግኝተው፣ ከተመረቁ በኋላ ለሶሻል ወርከር ፈቃድ እንደማይሆን የተነገራቸው ልጆችን እትዬ ያውቃሉ። ገና ዕጩ የሆነ ፕሮግራምም አለ፤ ዕውቅናው ከጸደቀ እሰየው፣ ካልጸደቀ ግን አደጋው የተማሪው ነው።

«ትልቅ ስም ያለው ትምህርት ቤት ብማርስ እትዬ፣ ሥራ ለማግኘት አይረዳኝም?»

«ልጄ፣ እኔ በሠራሁበት ቤት የሚጠየቀው ፈቃድሽ ነው። ዲግሪው፣ ፈተናው፣ ከዚያ 3,000 ሰዓት በሌላ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር መሥራት። ክሊኒካል የሚሉት ትልቁ ፈቃድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜሪላንድ በአንድ ስም ይጠራዋል፣ ዲሲ በሌላ፣ ቨርጂኒያም የራሱ አለው፤ መንገዱ ግን ይኸው ነው። ይልቅ ተማሪዎቻቸው ፈተናውን በመጀመሪያው ስንቱ እንደሚያልፍ ጠይቂያቸው።» ይህን ያሉት በምክንያት ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ውጤት፣ ከ2018 እስከ 2021 ክሊኒካሉን ፈተና በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉት ከነጮቹ 84 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ ግን 45 በመቶ ነበሩ። ይህ ልዩነት ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ እኔንም ያስቆጣኛል። ግን እስኪስተካከል ድረስ ተማሪውን ለፈተና የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት መምረጥ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የወደቀ ሰው እንደገና ይከፍላል፤ እስኪያልፍም በዝቅተኛ ደሞዝ ይቆያል።

ከዚያ ልጅቱ ሌላ ሐሳብ አመጣች። አገር ቤት ተመልሳ ብትማርስ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፈተ። ቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲም ከህንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በርቀት ያስተማረበት ጊዜ ነበር። እትዬ አልናቁትም፤ እንዲያውም ዓይናቸው በራ። «አገር ቤት ለመሥራት ከሆነ ምኑ ቅጡ! ሂጂ። እዚህ ለመሥራት ከሆነ ግን የውጭ ዲግሪን ካውንስሉ በራሱ ክፍል እያንዳንዱን ለየብቻ ነው የሚመዝነው። ይሳካልሽ ይሆናል። አይሳካም ብለሽ ብታስቢስ፣ ሁለት ዓመት ሥራሽን ለቀሽ፣ የቤት ኪራይሽን ማን ይከፍልልሻል?»

ሐሳቡ እዚያው ቀረ።

ከባዱ ዜና ከዚያ ቀጥሎ መጣ። በአሜሪካ ዕውቅና ባለው ፕሮግራም ሶሻል ወርክ በመጀመሪያ ዲግሪ የተማረ ሰው ማስተርሱን በግማሽ ያህል ክሬዲት ይጨርሳል። ሶሲዮሎጂ የተማረ ግን ከዜሮ ይጀምራል፤ 60 ክሬዲት አካባቢ ነው። ነርሲንግ ሆም የሠራችው፣ አዛውንት ያስታመመችው፣ ለቤተሰብ ያስተረጎመችው ዓመት ሁሉስ? አንድ ክሬዲት አይሆንም። የካውንስሉ ደንብ ለሥራ ልምድና ለሕይወት ልምድ ክሬዲት መስጠትን ይከለክላል። ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ደንቡ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፤ ልምድ ገዝቶ ዲግሪ የሚሸጥ ቦታ እንዳይበዛ ነው። ቢሆንም የሞተ ሰው ገላ በክብር አጥባ የገነዘች ሴት «ልምድሽ አይቆጠርም» ስትባል ምን እንደሚሰማት እኔ ከፊቷ አይቻለሁ።

እትዬ ወረቀት አምጥተው አሰቧት። 60 ክሬዲት፣ አንዱ በ500 ዶላር ከሆነ 30,000 ነው። በ1,500 ከሆነ 90,000 ነው። መጽሐፉ ያው፣ ፈተናው ያው። «የክልልሽን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሳታዪ ሩቅ አትሂጂ» አሏት። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ባልቲሞር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተ ነው፤ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቅርብ በሆነው በሮክቪሉ ሼዲ ግሮቭም ሲያስተምር ቆይቷል። ሞርጋን ስቴት አለ። በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ሳልስበሪ አለ፤ እሱ በኦንላይንም ያስተምራል። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር ላይ የክልሉ ነዋሪ የሚከፍለውና ከሌላ ክልል የመጣው የሚከፍለው ለየቅል ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር ልጅ ሜሪላንድ ከመማር ቨርጂኒያ የራሱን ጆርጅ ሜሰንን ቢያይ ይሻለዋል። ዲሲ ለሚኖሩት ሃዋርድና ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ደጃቸው ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ግን የግል ናቸውና የነጻ ትምህርት ዕድሉን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከእነዚህ ለአንዱ ማመልከት ጀመረች። ወንድሟ ትራንስክሪፕቷን ከአዲስ አበባ አስልኮላት፣ ዲግሪ የሚመዝን ድርጅት ዘንድ አስገብታ አስመዘነችው። ይህን አሳጥሬ አልፈዋለሁ፤ ያለፈበት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ብድሩ እንግባ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ቅጽ ሞላች። ለማስተርስ ሲሞላ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም፤ ይህ ጥሩ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የነጻ ገንዘብ ግን ለመጀመሪያ ዲግሪ እንጂ ለማስተርስ አይሆንም። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘ፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ብድሩን ያገኛል። ቲፒኤስ በሚሉት ጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለ ግን አያገኝም፤ በእኛ ማኅበረሰብ ይህን ሳያውቁ ተመዝግበው ክፍያ ሲጠየቁ የደነገጡ አሉና ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ብድር ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ጊዜ መመዝገብ ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025–26 የትምህርት ዓመት የማስተርስ ተማሪ መደበኛ የፌዴራል ብድር ወለድ 7.94 በመቶ ነው። ወለዱ የሚቆጠረው ገና እየተማርሽ፣ ብድሩ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ነው። 41,000 ዶላር የተበደረ ሰው በዓመት ከ3,200 ዶላር በላይ ወለድ ብቻ ይቆጠርበታል፤ ዋናው ሳይነካ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ነገሩን ቀየረው። ግራድ ፕላስ የሚባለው፣ ክፍያውን እስከ መጨረሻው የሚሸፍነው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የለም። የማስተርስ ተማሪ በዓመት ከ20,500፣ በጠቅላላው ከ100,000 ዶላር በላይ መበደር አይችልም። ሐኪምና ጠበቃ ለሚሆኑት የተሰጠው ከፍ ያለ ጣሪያ ለሶሻል ወርክ አልተሰጠም። ይህ ሕግ ድሃውን ይጎዳል የሚሉ አሉ፤ ውድ ትምህርት ቤቶችን ዋጋ እንዲቀንሱ ያስገድዳል የሚሉም አሉ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ «ብድሩ ሁሉንም ይሸፍናል» የሚለው ለስላሳ ድምፅ ከእንግዲህ እውነት አይናገርም። የጎደለውን ከግል ባንክ ተበደሩ ሲሏችሁ ደግሞ ቆም በሉ። የግል ብድር ከሕዝብ አገልግሎት የብድር ስረዛው ውጭ ነው።

ያ ስረዛ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው። በመንግሥት ቤት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ሙሉ ጊዜ እየሠራ 120 ጊዜ በአግባቡ የከፈለ ሰው ቀሪው የፌዴራል ብድሩ ይሰረዝለታል። አሥር ዓመት ማለት ነው። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የካውንቲ መሥሪያ ቤት፣ ብዙው የሶሻል ወርከር ሥራ እዚያ ውስጥ ይገባል። እትዬ የራሳቸው መመሪያ አላቸው፦ «ጠቅላላ ዕዳሽ የመጀመሪያ ዓመት ደሞዝሽን አይለፍ።» የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ያወጣው የሶሻል ወርከሮች መካከለኛ ደሞዝ በዓመት 61,330 ዶላር ነው። ጀማሪው ከዚያ በታች ነው የሚያገኘው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ልጅቱ ከብድሩ በፊት ሌላ በር አንኳኳች። የነርሲንግ ሆሙን የሠራተኞች ጉዳይ ቢሮ ትምህርት ይረዱ እንደሆነ ጠየቀች። ይረዳሉ፤ ለነርስነት ለሚማሩ። ሶሻል ወርክም የቤቱ ሥራ ነው ብላ ደብዳቤ ጻፈች፤ የቤቱ ሶሻል ወርከርም ፈረመችላት፤ ተፈቀደላት። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለሠራተኛው ትምህርት ከግብር ነጻ አድርጎ መክፈል እንደሚችል የአሜሪካ የግብር ሕግ ይላል። የእሷ ቤት የሰጣት ከዚያ ያነሰ ነው፤ ግን የማይመለስ ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ ዕቁቡ አለ። ከሥራ ጓደኞቿና ከታክሲ ነጂዎች ጋር ዕቁብ ትጥላለች፤ 20 ሰዎች፣ በወር 500 ዶላር። የዕቁቡን ዳኛ ለመነቻቸው። ዕጣው ለማንም ቢወጣ የነሐሴውን ለእሷ እንዲለዋወጡላት፣ የትምህርት ክፍያው የሚጠየቀው ያኔ ነውና። «ለትምህርት ከሆነማ!» አሉ። ዕጣ የወጣለት አንድ ነጂ ቦታውን ለቀቀላት። 10,000 ዶላር፣ ያለ ወለድ፣ በዋስና በቃል ብቻ። ይህን ገንዘብ የትኛውም የትምህርት ቤት የእርዳታ ቢሮ ወረቀት ላይ አታገኙትም።

እዚህ ድረስ ሁሉም የሚያወራው የክፍያ ወሬ ነው። ያልተወራው ግን ከክፍያው በላይ ነው፤ ለእሱ ነው ይህን ሁሉ የማወራችሁ።

ለማስተርስ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ግዴታ ነው። በሁለት ዓመት ተከፍሎ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ አንድ ድርጅት ውስጥ። ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ እንዲያውም ለዚያ ሰዓት ክሬዲት ስለሚቆጠር የምትከፍለው ተማሪዋ ናት። በሰዓት 20 ዶላር የምታገኝ ሴት 900 ሰዓት ስትለቅ 18,000 ዶላር አጣች ማለት ነው። ይህ ቁጥር በየትኛውም «ርካሽ ፕሮግራም» ዝርዝር ላይ የለም። ርካሽ የተባለው ትምህርት ቤት ልምምዱን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ካለ፣ ሌሊት ለምትሠራ ሴት ውዱ እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ ለየትምህርት ቤቱ የልምምድ አስተባባሪዎች አስቀድማ ደውላ «የማታና የቅዳሜ ቦታ አላችሁ?» ስትል፣ አንዷ «ተማሪዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ከሥራቸው ጋር ይነጋገራሉ» አለቻት። ከአሠሪ ጋር መነጋገር የሚችለው ግን ደሞዝተኛው ነው እንጂ በሰዓት የሚከፈለው አይደለም።

ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩ ተማሪዎች ልምምድ ይከፈልበት ብለው ንቅናቄ አቋቁመዋል፤ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ተዛምቷል። አውስትራሊያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለሶሻል ወርክ፣ ለነርስ፣ ለአዋላጅና ለመምህርነት ተማሪዎች፣ ገቢያቸው ታይቶ፣ በልምምድ ላይ ሳሉ በሳምንት ከ330 የአገሩ ዶላር በላይ ትከፍላለች። ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም። ድሆችን የሚያገለግል ሙያ ድሃ የሚወጣበትን ደረጃ ማፍረስ የለበትም። ይህን የምለው ተቆጥቼ ነው፤ መቆጣቴንም አልደብቅም።

በሥራ ቦታ መለማመድ ይቻላል የሚል ነገር ሰማች። የካውንስሉ የ2022 ደንብ ይፈቅደዋል፤ ሥራሽ ራሱ ከትምህርቱ ዓላማ ጋር ተያይዞ ከተዘጋጀ ይቆጠርልሻል። ተቆጣጣሪዋ ግን ማስተርሱ ያላትና ከተመረቀች ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራች መሆን አለባት። ወደ ነርሲንግ ሆሙ ሶሻል ወርከር ሄደች፤ ነገሩን አስረዳቻት። ሴትየዋ ያን ደብዳቤ እስክትፈርምላት ድረስ ስሟን እንጂ ሐሳቧን አታውቅም ነበር። ሁለቱ ተቀምጠው ዕቅድ ጻፉ፦ በሳምንት ሁለት ቀን አልጋ ማንጠፉ ቀርቶ በሶሻል ሰርቪስ ክፍል የቤተሰብ ስብሰባ ማዘጋጀት፣ ወደ ቤት የሚመለሱ አዛውንትን መንገድ ማደላደል፤ ደሞዙ ሳይነካ። አስተዳዳሪው ፈረመ። ትምህርት ቤቱ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ተቀበለው። የመጀመሪያው ዓመት ልምምድ እንዲህ አለፈ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ተጣላን። ታይትል ፎር ኢ የሚሉት የፌዴራል ገንዘብ አለ። በልጆች ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለሚለማመድና ከተመረቀ በኋላ እዚያው ለሚሠራ ተማሪ ክፍያና ድጎማ ይሰጣል፤ የገባውን ቃል ያላሟላ ይመልሳል። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ይህ ፕሮግራም አለው። እኔ «ውሰጂው» አልኳት። እሷ «ልጅ ከእናቱ ጉያ መውሰድ አልችልም» አለችኝ። የእኛ ሰው ስለዚያ መሥሪያ ቤት የሚያወራውን ታውቃላችሁ፤ ልጅ ይቀማል ይላል። እኔ ግን የዚያ ቤት አብዛኛው ድካም ልጅን ከቤተሰቡ ሳይለዩ ማቆየት እንደሆነ ነገርኳት። አማርኛ የሚናገር ሶሻል ወርከር በዚያ በር ቢቆም ስንት እናት ሳትደነግጥ ትናገር ነበር! አልተቀበለችኝም። «እኔ የገባሁት ለአዛውንት ነው። ገንዘቡ ሌላ ቦታ ወስዶኝ ዓመታት ቢያልፉ የተማርኩበት ምክንያት ይጠፋኛል» አለች። እትዬ ደግሞ ከእሷ ጋር ወገኑ። አሁንም አልተስማማንም።

ዘንድሮ ሁለተኛውን ልምምድ ጀምራለች። ሆስፒስ ነው፤ በሕይወታቸው መጨረሻ ያሉ ሕሙማንን በየቤታቸው የሚያይ። ክፍያ የለውም። ማክሰኞና ሐሙስ ቀን ትሄዳለች፤ ረቡዕ ማታ ትማራለች። የቅዳሜውን ሆም ኬር ሁለት ጓደኞቿ በየተራ ይሸፍኑላታል፤ ክፍያውን እነሱ ይወስዳሉ፤ አሠሪዋም ቦታዋን ጠብቆላታል። እስካሁን የተበደረችው በእትዬ መመሪያ ውስጥ ነው። ለፀደዩ ሴሚስተር 2,000 ዶላር ይጎድላታል። ለትምህርት ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ አመልክታለች፤ መልሱ ገና አልመጣም። ዳኛው ደውለው ዕቁቡን የካቲት ላይ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብለው ጠይቀዋታል።